እጇን ያየው ሰውዬ

ሰው እጄን ሲያይ አልወድም። ፊቴን ይይ፣ ጫማዬን ይይ፣ ከፈለገም የለበስኩት ቶብ የስንት ዓመት እንደሆነ ይገምት፤ እጅን ግን ያለ ምክንያት የሚያይ ሰው የለም ብዬ ነው የኖርኩት። ባለፈው ሳምንት የስኳር መድኃኒቴን ልወስድ እዚሁ ሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ ከሚባለው ሠፈራችን ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የጦርነቱ ግርግር ቀለል ብሎ ሰው ወደየቤቱ መመለስ ከጀመረ ወዲህ ወረፋው ግድግዳውን ዞሮ መንገድ ይወጣል። ለእድሜዬ አዝነው አንዲት የላስቲክ ወንበር ለቀቁልኝ። አጠገቤ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ጀለቢያው ንጹሕ፣ ጉንጩ ላይ የድሮ ሰዎች የሚበጡት ሦስት ሦስት መስመር አለበት። ይኼ ሰው ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቅል አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ቦርሳዬን ወደ ብብቴ ሳብኩ። ካርዴን የያዝኩበትን እጅ በቶቤ ጫፍ ስሸፍነው፣ ሌላኛውን እጄን ማየት ጀመረ። ወይ ጉድ! ምን ፈልጎ ነው ብዬ ቀና ስል፣ በግራ ጉንጩ ያሉትን መስመሮች አንድ የቆየ ጠባሳ አቋርጧቸው አየሁ። ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል እንጂ አያንስም፤ እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ፣ በራችን ላይ ቆሞ የአንዲትን ልጅ እጅ እንዲሁ ሲያይ ነበር ያየሁት።

ነገሩን ለመናገር ከእንግሊዝ አገር ገጠር መጀመር አለብኝ። አትሳቁብኝ። ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ አል-ጣኢፍ የሚባል ሠፈር ነበር የምሠራው፤ ሲት ነፊሳ የምትባል ጡረታ የወጣች የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቤት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሐጅ ዩሱፍ ሐፍላ ይዤ ድልድዩን እሻገራለሁ። ሐፍላ እዚህ አገር አውቶቡሱ ነው። ረዳቱ አፉን አይከፍትም፤ ጣቱን ቋ ቋ ሲያደርግ ሒሳብ አምጡ ማለቱ ነው። ሒሳቡም ሒሳብ አይባል፣ የአንድ ዳቦ ዋጋ እንኳ አይሞላም ነበር። ዛሬ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ላይ ስወጣ የሚጠሩብኝን ስሰማ፣ ረክሻውን ልገዛው ነው እንዴ እላለሁ። ሁላችንም አዲስ የመጣን የወሎ ሴቶች ያው ሮዝ የላስቲክ ጫማ ነበር የምናደርገው፤ ከኋላ ሲያዩን የአንድ እናት ልጆች እንመስል ነበር። ከሐፍላ መውረጃው ማዕዘን ላይ አንድ ካሴት ሻጭ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዘፋኝ ያስለቅሳል። ምን እንደሚል አልገባኝም፤ አብሬው ግን አለቅስ ነበር። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ ስልክ ይሞላሉ።

እኛ ሰው ቤት ለሥራ ስንገባ ቤቱን በመጀመሪያው ቀን ነው የምንመዝነው። ሴትዮዋ ብርጭቆውን በእጅሽ ትሰጥሻለች ወይስ መሬት አስቀምጣ በአገጯ ታሳይሻለች? የስኳሩ ዕቃ ቁልፍ አለው? የምትተኚበት ክፍል መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው ከውጭ? ከውጭ ከሆነ ጫማሽን ሳታወልቂ ትመለሻለሽ። በየሳምንቱ ጁምዓ ተሰብስበን የከተማውን ቤት ሁሉ እንዲህ እንመዝነው ነበር። ሲት ነፊሳን ዙሪያዋን ሄጄ መዘንኳት። ብርጭቆው በእጅ፣ ስኳሩ ክፍት፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ። አንድም የሚያስጠረጥር ነገር አጣሁባት፤ ይኸው ራሱ አስጠረጠረኝ።

የባሰው ከዚያ መጣ። ኢሕሳን የምትባል የእህቷን ልጅ ለፈተና ታዘጋጅ ነበርና፣ የዐስር ሰላት ከሰገድን በኋላ በረንዳው ላይ ትቀመጥና ኢሕሳን ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታነባለች፤ ሲት ነፊሳ በዓረብኛ ትፈታላታለች። «ከድጃ፣ ባምያሽን ይዘሽ ነይ እዚህ ተቀመጪ፣ ንፋስ አለ» አለችኝ። ሲት አልበይት የሚሏት እመቤት ሠራተኛዋን ንፋስ ላይ አስቀምጣ ተረት የምትነግረው ለምንድን ነው? ዓይኗ ሥር ልታደርገኝ ነው አልኩ። ቢሆንም ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ባምያዬን መቀንጠብ ያዝኩ። መጽሐፉ የገጠር ነው። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ በግ ነው፣ የድንጋይ አጥር ነው። ይኼማ የእኛ አገር ነው እንዴ ብዬ በልቤ ተገረምኩ። የኢሕሳን አስተማሪ ያዘዛት ደግሞ ልዩ ነገር ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ታሪኩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ምን እንደመሰላት ወዲያው እንድትጽፍ፣ መጨረሻውን ሳታይ። ኢሕሳን ሰነፍ ናት፣ አላህ ይጠብቃትና። ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ ምን መሰለሽ?» ትለኛለች። ሰውን በመጀመሪያ ቀን መመዘን እኮ እንጀራዬ ነው!

ስማቸው ምላሴ ላይ አልቆም ስላለ እኔው ስም አወጣሁላቸው። አንዲት መበለት አለች፣ ባለ እርሻ፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ ያንቃጨለች፤ እሷን እትየ ቁልፍ አልኳት። በዝናብ የበሰበሰ እንግዳ መጥቶባት አንድ ስኒ ሻይ አቀረበችለት፤ ሰውዬው ይቅርብኝ ሲላት አነሳችው። በአንዴ! ሦስቴ አልማለችበት፣ አልለመነችው። ይቺ ድንጋይ ናት፣ አልኩ። አንድ ሌላ ደግሞ ጓንቱን ጣት በጣት እያወለቀ የሚገባ ጎረምሳ አለ፤ ውሻው ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፣ እሱ የሰው ሚስት እጅ ይስማል። ባለጓንቱ አልኩት፤ አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ። ኢሕሳን ሁሉንም በእንግሊዝኛ ገልብጣ ሰጠች። አስተማሪዋ ከሥሩ «ይህ የተማሪ ሐሳብ አይደለም፣ የአማት ነው» ብሎ ጽፎባት መጣ። ሲት ነፊሳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በእኔ ነው የምትስቂው ብዬ አኮረፍኩ።

ከዚያ ልጅቷ ገባች። ወላጅ የሌላት ልጅ ናት። እዚያ አገር በዓመት አንድ ቀን ሥራ የሚፈልግ ሁሉ ገበያ መሃል ወጥቶ ይሰለፋል፤ ባለ እርሻዎች ይመጣሉ፣ ዞረው ያያሉ፣ ይመርጣሉ። ቢላዬን አቆምኩ። ይኼማ እኛው ነን። ደላላው ቢሮ አግዳሚው ላይ ቦርሳችንን ጭናችን ላይ ይዘን ተሰልፈን፣ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና የምንል እኛው። ልጅቷ እንደቆመች አንድ ጫማው በጭቃ የተለወሰ ሰው መጣ፤ ሰላም አላለም፣ ስሟን አልጠየቀም፤ ፊቷን ሳያይ ቁልቁል እጇን ብቻ አየና ነይ አላት።

«ይኼ ሰውዬ ሰው ሻጭ ነው» አልኩ።

ሲት ነፊሳ መነጽሯን አውልቃ «ከድጃ፣ ገና አሁን መግባቱ ነው፤ ትንሽ ታገሺው» አለችኝ።

«እኔ ስታገሠው እሱ ልጅቷን ይወስዳታል» አልኳት። ኢሕሳን ይቺንም ጻፈቻት።

ጁምዓ ጁምዓ ሐጅ ዩሱፍ፣ አምስት ሆነን በተከራየናት ክፍል እንገናኛለን። ሌላው የየቤቱን ጉድ ሲያመጣ እኔ የእንግሊዞቹን አመጣ ጀመር። መጽሐፍ ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ግን ማን ሊሰማኝ! እንደ ማንኛውም ቤት ነው የመዘኑት። ልጅቷ የት ነው የምትተኛው? መቀርቀሪያውስ? በሳምንት ስንት ቀን ትወጣለች? በዕድሜ የምትበልጠን እትየ ዘምዘም ነበረች፤ ሦስት ቤት ያባረራት፣ ሁለት ቤት እሷ ያባረረች። ስለ ባለጭቃው ስነግራቸው «እጅ የሚያይ በሬ ገዢ ነው» አለች እትየ ዘምዘም፤ አበቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ዓይነ ውሃው ካላማረን «ባለጭቃው ነው» እንል ነበር። ሥጋ ሻጩም ባለጭቃ ሆነ፣ የቤት አከራዩም። ከሁላችን ዝም ብላ የምትሰማው ቶይባ ነበረች። ከመጣች ወር ያልሞላት፣ ሃያ ዓመት ያልደፈነች፤ ዓረብኛ አትችልም፣ ሥራም አልያዘችም። እህል ውሃዋ በእኛ እጅ ነበር። እኔን እትየ ከድጃ እያለች እንደ እናት ነው የምትከተለኝ፤ ቤት ሲመጣም መዝኜ ግቢ ወይም ተይ የምላት እኔ ነኝ።

በአንዱ ጁምዓ ደላላው አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውዬው ወንዙ ዳር ላሞች አሉት፤ ያረጀች እናቱን የምታጥብ፣ የምታበላ ሴት ፈልጎ ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ ግቡ ብንለው አልገባም። ቆዳ ጫማው ጭቃና እበት ነው። ጉንጩ ላይ ይኼ ጠባሳ። ቶይባን ነይ ቁሚ አልናት፤ ቆመች። ሰውዬው ፊቷን አላየም። አንገቱን ደፍቶ ቁልቁል እጇን፣ እጇን ብቻ ያያል። እትየ ዘምዘም ክርኔን ቆነጠጠችኝ። ሁላችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው፤ አምስት ትልልቅ ሴቶች፣ የእንግሊዝ መጽሐፍ በራችን ላይ በእግሩ መጥቶ የቆመ መሰለን። ሰውዬው ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ክፍሏ ለብቻዋ ነው፣ ቁልፉ በእጇ ይሆናል፣ ጁምዓ የእሷ ነው፣ ፓስፖርቷን አልፈልግም አለ። ፓስፖርት የማይፈልግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኼ የባሰ አስፈራኝ። ቶይባ «እትየ፣ ምን አለ?» ብላ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ለእሷ አልፈታሁላትም። ወደ እሱ ዞሬ በዓረብኛ «ትናንት ጥሩ ቤት አግኝታለች፣ ይቅርታ» አልኩት። አላገኘችም ነበር። ሰውዬው «ኸይር፣ አላህ ይባርክላት» ብሎ ይዞት የመጣውን አንድ ጣሳ ወተት ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እትየ ዘምዘም አትቅመሱ፣ ምን እንዳደረገበት አይታወቅም አለች። ለግቢው ድመቶች ሰጠናቸው። ድመቶቹ ጠጥተው ፀሐይ ላይ ተኙ፤ ምንም አልሆኑም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ቶይባን አንዲት ወይዘሮ መጥታ ወሰደቻት። እሷንም መዝነናታል! ከመኪናዋ ወርዳ ምንጣፋችን ላይ ተቀመጠች፤ ከእኛው ትሪ በላች፤ ቶይባን አቅፋ ልጄ አለቻት፤ እንደ ልጇም ፊቷን እያየች ነበር የምታወራት። ፓስፖርት የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። የጠየቀችው በማግስቱ ነው፣ ቤቷ ካስገባቻት በኋላ። እንግዲህ እኔ ሠፈሩን ሁሉ የምጠረጥር ሴት፣ እዚህ ላይ ግቢ አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ኢሕሳን ስታነብ ስለ ባለጭቃው መጣ። እኔ የከሰል ካውያ ይዤ ቶብ እተኩሳለሁ። ለካ ያ ሰው ገበያው ላይ የልጅቷን እጅ ያየው ብርድ ሰነጣጥቆት ደም አዝሎ ስለነበር ኖሯል። እርሻው ቤት እንደደረሱ ምንም ሳይናገር እጇን እንድትቀባው ዝይ የሚሉትን ወፍ ሞራ በትንሽ ገንቦ አድርጎ ከመስኮቷ ሥር አስቀመጠላት፤ ሞራው ሲያልቅ ሌላ ያስቀምጣል፤ ማን እንዳስቀመጠው እንኳ አልነገራትም። ሲት ነፊሳ ይኼን በዓረብኛ ፈትታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «አየሽ ከድጃ?» አለች እየሳቀች። ካውያው የቶቡን ጠርዝ አቃጠለው፤ እሷም አልተቆጣችኝም። ይኼን የጻፈው ሰውዬ ቢገኝ ኖሮ፣ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብዬ ጉሮሮውን በያዝኩት! ሰው እንዲህ ደብቆ ይጽፋል?

የዚያን ሳምንት ጁምዓ ቶይባ መጣች። ከስታለች። ሳቋ ጠፍቷል፤ ቤቱ እንዴት ነው ስንላት አልሐምዱሊላህ ትላለች፣ ከዚያ በር በሩን ታያለች። ፓስፖርቷን ሴትዮዋ ቆልፋበታለች፤ ጁምዓም ከእንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ ነው ብላታለች። ሌሎቹ የእንግሊዞቹን አምጪ ብለው ጨቀጨቁኝ። ስለ እትየ ቁልፍ ነገርኳቸው፣ ስለ ባለጓንቱ ነገርኳቸው። ስጨርስ ቶይባ ጠጋ ብላ በቀስታ ጠየቀችኝ።

«እትየ፣ ባለጭቃውስ ምን ሆነ? ልጅቷን በደላት?»

ስለ መጽሐፉ እንዳልነበረ የዚያኑ ጊዜ ገብቶኛል። አልገባኝም ብል ነገ አላህ ይጠይቀኛል። ልጅቷ ያን ሰው እያሰበች ነው፤ ተሳስተን እንደሆነ ንገሪኝ ነው የምትለኝ። ደላላው እኮ ጎረቤታችን ነው፤ ተነሺ ብያት ብንሄድ፣ የላሙን ሰውዬ ቤት በዚያው ቀን እናገኘው ነበር። ግን እትየ ዘምዘም ትሰማለች፣ ሌሎቹም ያያሉ፤ ከድጃ ሰው ታውቃለች የተባልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ ልበል?

«እንጃ፣ ገና አልደረስንበትም» አልኳት።

«እሺ እትየ» አለች። ሮዝ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ሁለት ሳምንት ብንጠብቅ አልመጣችም፤ አራት ሳምንት ሆነ፣ አልመጣችም። እኔና እትየ ዘምዘም ቤቱ ድረስ ሄድን፤ ዘበኛው ሰዎቹ ጉዞ ላይ ናቸው አለን፣ ከውስጥ ግን የድስት ክዳን ይንኳኳል። ከወራት በኋላ አንዲት የኛ አገር ልጅ ነገረችን፤ ቶይባ በአጥር ዘላ ያለ ወረቀት ወጥታ፣ በበረሃ ወደ ሊቢያ ከሚሄዱ ሰዎች ጋር መኪና ላይ ስትሳፈር አይታታለች። እኛ ጋ ያልመጣችው ለምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ለምን ትመጣለች? ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። እናቷ ከወሎ ሰው በላከች ቁጥር እጠፋ ነበር። እትየ ዘምዘም ወደ አኼራዋ ሄደች፣ አላህ ይማራት፤ እሷ ቶይባ አንድ ቀን ጄዳ ትገኛለች እያለች ነው የሞተችው። ባለጭቃውን ለእሷም አልነገርኳትም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ሰው አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። ዝም ብዬ ልሂድ አልኩ። ደግሞ ወረፋዬ አልደረሰም፤ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የበላኝ ነገር አለ።

«ያ ሐጅ፣ ድሮ ወንዙ ዳር ላሞች አልነበሩዎትም?» አልኩት።

«ነበሩኝ፤ አለቁ» አለ። እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ ሐበሻ ሠራተኛ ፍለጋ መጥቶ እንደነበር አስታወስኩት። ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። ለእናቱ እንደነበር፣ ሰው ስላጣ እስክትሞት ራሱ ገላዋን እንዳጠባት ነገረኝ፤ ይኼን ሲነግረኝም የሚያየው እጄን ነው። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ያን ቀን የልጅቷን እጅ ለምንድን ነው እንደዚያ ያዩት?»

ሰውዬው ቀላ ያለ መሰለኝ፣ በዚያ እድሜው። «ፊቷን ማየት አፍሬ ነው» አለ። «አምስት ሴቶች አፍጥጣችሁብኛል። ዓይኔን የት ላድርገው?»

ያ ረቢ። እኔ አምስት ጊዜ የምሰግድ ሴት፣ ጨዋ ወንድ በሴት ፊት ዓይኑን እንደሚሰብር ከሕፃንነቴ የተማርኩ፤ ከመንደሬ ወንዶች ሁሉ ያየሁትን ነገር በራችን ላይ ሲቆም ሳላውቀው ቀረሁ። የመድኃኒቱ ልጅ ከመስኮቱ ስሜን ጠራች፤ ቆዪ ብዬ እጄን አነሣሁላት። ሰውዬው ከዘራውን ይዞ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«ልጅቷስ? ጥሩ ቤት አግኝታለች ብለሽኝ ነበር። እውነትም ጥሩ ሆነላት?»

አፌን ስከፍት እውነቱን ልነግረው ነበር፤ ወላሂ ልነግረው ነበር። «ጥሩ ሆነላት» አልኩ። «አግብታለች። ልጆቿም ደርሰዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ወዲያው። «እንኳንም ያኔ ነገርሽኝ፤ የኔ እናት አስቸጋሪ ነበረች፣ ልጅቷ ትጎዳብኝ ነበር።» ዓይኑን ከእጄ አንሥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። ቅንጣት አልተጠራጠረም።